ወንበሩ ለምን ታሰረ?

ትናንት ቅዳሜ፣ ምሳውን በልቶ ሶፋው ላይ ጋደም ባለበት፣ ጥላዬ ወንድምነህ ሕልም አየ። ሕልሙን እንዳለ እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ጥላዬ ማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ ካልነገርኳችሁ ሕልሙ መያዣ መጨበጫ ያጣል።

ጥላዬ አዳማ ውስጥ የአሥረኛ ክፍል የአማርኛ መምህር ነው። በትርፍ ጊዜው ልብ አንጠልጣይ አጫጭር ታሪኮች ይጽፋል፤ በወር አንድ ጊዜ በምትወጣ መጽሔት ላይ ይታተሙለታል። አሥራ አንድ ዓመት ጽፏል። ነፍሰ ገዳይ ጽፏል፣ ጅብ ጽፏል፣ ከውጭ የተቆለፈ ቤት ጽፏል። አንባቢዎች ደብዳቤ ይልኩለታል፤ መብራት ሳላጠፋ አደርኩ ያሉትም አሉ። ደስ ይለዋል፣ ግን አይጠግብም። እሱ ማስፈራት የሚፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አባቱን።

አባቱ አቶ ወንድምነህ ወልዲያ ይኖራሉ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ስልክ በእጅ በሚገናኝበት ዘመን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው የአገሩን ሰው ሁሉ ከዘመዱ ጋር ሲያገናኙ ኖረዋል። መጽሔቷ ወልዲያ በደረሰች ቁጥር የጥላዬ ታላቅ እህት ዘውድነሽ ታነብላቸዋለች። እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው እስከ መጨረሻው ይሰማሉ። ከዚያ ይደውላሉ።

"ጥላዬ።"

"አቤት አባዬ።"

"አልፈራሁም።"

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይኸው ነው። አንድ ቀን ጥላዬ ብሽቅ ብሎ፣ "ታዲያ አንተን ምንድን ነው የሚያስፈራህ?" ብሎ ጠየቃቸው።

"እኔ ሠላሳ ዓመት መስመር ሳገናኝ የሚጮህ ሰው አስፈርቶኝ አያውቅም" አሉት። "የሚጮህ ሰው እኮ አልሰማ ብሎት ነው። የምፈራው ቀስ ብሎ የሚያወራ ሲመጣ ነበር።"

"ምን የሚል?"

"ስትሰማው ታውቀዋለህ" አሉና ዘጉት።

ይህ ነገር ጥላዬን ስንት ጊዜ ከእንቅልፉ እንደቀሰቀሰው ቆጥሮ አይጨርሰውም። ለማንኛውም በዚህ ወር ታሪኩ ላይ ያለ የሌለ ኃይሉን ተጠቀመ። ጅቡንም፣ ነፍሰ ገዳዩንም፣ የመብራት መጥፋቱንም በአራት ገጽ አጨቀው። ይሄን ያልፈራ ምን ሊፈራ ነው ብሎ ስልክ ሲጠብቅ ሰነበተ። ሐሙስ አልደወሉም። ዓርብም አልደወሉም። ቅዳሜ እስከ ምሳ ሰዓት ዝም ሲሉበት፣ "ፈርቶ ይሆናል!" ብሎ በልቡ እየፈነደቀ፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ እንቅልፍ ወሰደው።

በሕልሙ አባቱን ፊት ለፊት ሊጠይቃቸው ወደ ወልዲያ ለመሄድ መናኸሪያ ወጣ። እዚያ ሲደርስ አውቶቡሱ ተሳፋሪዎቹ ላይ ተሳፍሮ አገኘው። ሃምሳ የሚሆኑ ሰዎች አውቶቡሱን ተሸክመው፣ ላባቸው ጠብ እያለ፣ "ወልዲያ! ወልዲያ! አንድ ሰው!" ይላሉ። አውቶቡሱ ከላይ ሆኖ መስኮቱን ከፍቶ ያንጎላጃል።

"ቦታ አለ?" አለ ጥላዬ።

"ትከሻ አለህ?" አሉት።

ወገቤን ያመኛል ብሎ በእግሩ ሄደ። ጥቂት እንደሄደ መንገዱ ዳር የበዓል ገበያ ቆሟል። በጎቹ ገዢ ናቸው፤ ሰዎቹ በገመድ ታስረው ቆመዋል። አንድ ቀንዱ የተጠማዘዘ ሙክት ጥላዬን አየውና ጠጋ አለ።

"ዞር በል እስቲ" አለው።

ጥላዬ ዞረ። ሙክቱ ወገቡን ጨበጥ ጨበጥ አደረገው። ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አየ። ከኋላው የቆመችው ሚስቱ፣ "እንዴት ነው?" ብላ ጠየቀችው።

"ደህና ነው" አለ ሙክቱ። "ለልጆቹ ይሆናል።"

ጥላዬን ላብ አጠመቀው። ሙክቱ አልጮኸም። ቢላ አላነሳም፤ ስለ ደም ትንፍሽ አላለም። ለልጆቹ ይሆናል ብቻ ነው ያለው፣ ያውም በአክብሮት። ጥላዬ እግሬ አውጪኝ ብሎ ሲሮጥ እንኳን አእምሮው ሌላ ቦታ ነበር። ይቺን ዓረፍተ ነገር እኔ ነበርኩ መጻፍ የነበረብኝ እያለ ይቆጭ ነበር።

ሮጦ ሮጦ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ገባ። ክፍሉ ውስጥ መምህራኑ ሦስት ሦስት ሆነው ዴስክ ላይ ተጣበዋል። ተማሪዎቹ ክራባት አስረው ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ሐመልማል፣ ሁልጊዜ ኋላ ወንበር ላይ የምትተኛው ተማሪው፣ ዳስተር ይዛ ሰሌዳው አጠገብ ቆማለች።

"አንተ ልጅ፣ አርፍደሃል" አለችው። "ና ውጣ። አንድ የሚያስፈራ ዓረፍተ ነገር ጻፍልን።"

ጥላዬ ይሄማ ሙያዬ ነው ብሎ ጠመኔውን አነሳ። "በሩ ድንገት በጨለማው ውስጥ በአስፈሪ ጩኸት ተበርግዶ ተከፈተ" ብሎ ጻፈ። ወደ ኋላ ዞር ሲል የሒሳብ መምህሩ ያዛጋሉ። የስፖርት መምህሩ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ሐመልማል ከንፈሯን መጠጥ አደረገች። በዳስተሩ "ድንገት"ን አጠፋች። "ጨለማ"ን አጠፋች። "አስፈሪ"ን፣ "ጩኸት"ን፣ "ተበርግዶ"ን ጠረገቻቸው። "በሩ ተከፈተ" ብቻ ቀረ። እሱንም ጥቂት አየችውና ተከፈተ የሚለውን አጥፍታ፣ "በሩ ክፍት ነው። ስወጣ ቆልፌው ነበር" ብላ ጻፈች።

መምህራኑ በሙሉ እግራቸውን ከመሬት አንስተው ዴስኩ ላይ ሰበሰቡ። የሒሳብ መምህሩ የስፖርት መምህሩን እጅ ያዙ።

"ምን ጨመርሽበት?" አለ ጥላዬ በግርምት።

"ምን እጨምራለሁ? ማጥፋት እንጂ" አለችው። "ተቀመጥ።"

እሱ ግን አልተቀመጠም። የጠፉት ቃላት ከሰሌዳው ላይ አንድ በአንድ ወርደው፣ የጠመኔ አቧራቸውን አራግፈው፣ በበሩ ሲወጡ አየ። የት እንደሚሄዱ ለማወቅ ጓጉቶ ተከተላቸው። ቃል መሆናቸውን በምን አወቀ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ በሕልም ይታወቃል።

ቃላቱ የሄዱት ቀን ሠራተኞች ቆመው ቀጣሪ ወደሚጠብቁበት አደባባይ ነበር። አደባባዩ በሥራ ፈት ቃላት ተሞልቷል። ጨለማ ነጭ በነጭ ለብሶ የፀሐይ መነጽር አድርጓል። ጩኸት ድምፁ ተዘግቶ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ዝንጅብል ያኝካል። ደም፣ ደም አንሶት ፊቱ ገርጥቷል። ጭራቅ የሕፃናት ማቆያ ሄዶ ሥራ ቢጠይቅ፣ ልጆቹ ይስቁብሃል ብለው እንደመለሱት ለጓደኞቹ ያወራል።

ከአደባባዩ ማዶ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ሲነሱ ሁሉም አየ። እስኪደርሱ ሩብ ሰዓት ፈጀ። "መጣሁ፣ መጣሁ፣ አሁን ልደርስ ነው" እያሉ ነው የሚመጡት። አቶ ድንገት ነበሩ።

"ጋሽ ጥላዬ!" አሉት እያለከለኩ። በዚያ ዓለም ጋሼ የሚለው ትልቁ ትንሹን ነው። "እግዜር ይይልኝ። በዚህ ወር ታሪክ ብቻ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጠርተኸኛል። በአንድ ገጽ አራት በር ከፍቻለሁ፣ ሁለት መስኮት ሰብሬአለሁ። ጉልበቴን ጨረስከው።"

"ሥራ የፈጠርኩልዎት መስሎኝ ነው" አለ ጥላዬ አፍሮ። "ግን እናንተ ሁላችሁም እዚህ ከቆማችሁ፣ ሰውን የሚያስፈራው ማነው?"

ጨለማ መነጽሩን አወለቀና መልሶ አደረገው። ጭራቅ አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ።

"እነሱ ናቸዋ" አሉ አቶ ድንገት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እነማን?"

"ስማቸውን አንጠራም። ታስረዋል፤ ይታሰሩ ደግሞ። እዚያ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ።" ከዘራቸውን አነሱና ወደዚያ ጠቆሙ፣ ወዲያው ጣታቸው የተቃጠለ ይመስል መለሱት። "አትሂድ ጋሼ። እኔ አንተን እንደማላስፈራህ አውቃለሁ። እነሱ ግን አይጮሁም።"

ጥላዬ ከልጅነቱ ጀምሮ አትሂድ የተባለበት ቦታ ቀድሞ የሚገኝ ሰው ነው። የአባቱ ነገርም ትዝ አለው። አይጮሁም ከተባሉ እነሱ ናቸው ብሎ ሄደ።

የእስር ቤቱ በር ላይ ኮፍያ ያደረገ ጅብ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ጥላዬ እጁ ላይ ምሳ ዕቃ አገኘ፤ ከየት እንዳመጣው አያውቅም። መቼም እስረኛ የሚጠይቅ ሰው ያመጣውን ምግብ ራሱ ቀምሶ ነው የሚያስገባው። እዚያ ግን ጅቡ ቀመሰ። ቀመሰ፣ ቀመሰ፣ ባዶውን ዕቃ መለሰለት።

"መርዝ የለውም" አለ አፉን እየጠረገ። "ማንን ልትጠይቅ ነው?"

"አደገኞቹን።"

"ዝምድናችሁ?"

"ጸሐፊ ነኝ።"

ጅቡ ከእግር እስከ ራሱ አየው። "ጸሐፊ መጥቶ አያውቅም። ሁሉም ከአደባባዩ ነው የሚመለሱት" አለና በሩን ከፈተለት።

ውስጡ ንጹሕ ነው። በመስኮቱ ፀሐይ ይገባል፤ መስኮቱ ላይ አበባ በቆርቆሮ ተተክሏል። ጥላዬ ግራ ገባው። እሱ ቢሆን የሸረሪት ድር ያደርግበት ነበር።

በመጀመሪያው ክፍል ወንበር የሚባለው ቃል ታስሯል። እንደ ስሙ ወንበር ሆኖ ነው የቆመው፤ ተጣጣፊ የብረት ወንበር፣ ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር የተጻፈበት። አራቱም እግሮቹ ካቴና ገብቶላቸዋል።

"ምን አድርጎ ነው?" አለ ጥላዬ።

ጅቡ ላለማየት ፊቱን አዞረ። "ተዘርግቶ።"

"ወንበር አይዘረጋም እንዴ?"

"ብቻውን መች ሆነና። ከሌሎች ጋር ነው የተዘረጋው። ግቢ ውስጥ።"

ጥላዬ ሳቁን ዋጠ። በሁለተኛው ክፍል ና የሚለው ቃል ተቀምጧል፤ ከአንድ ፊደል አይበልጥም፤ እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ፈገግ ይላል።

"ይሄስ?"

"ሰው ጠራ።"

"ታዲያ?"

"ሰውዬው መጣ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ቤቱ ደረሰ" አለ ጅቡ፤ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

ሦስተኛው ክፍል በር ላይ አሥራ ሁለት ጅብ ተሰልፏል። ሰንሰለቱ የሰው ክንድ ያህላል። ጥላዬ በቀዳዳው አጮለቀ፤ ምንም አልታየውም። ደግሞ አጮለቀ። ጥግ ላይ፣ ብርድ ልብስ ሥር፣ የምስር ፍሬ የምታክል ነገር ተኝታለች።

"ማነው?"

"ትንሽ" አለ ጅቡ በሹክሹክታ።

"መሆኑንማ አየሁ። ስሙ ማነው?"

"ስሙ ነው። ትንሽ ነው የሚባለው።"

ጥላዬ አላስቻለውም፤ ፍርስ ብሎ ሳቀ። "ለዚህ ነው አሥራ ሁለት ጅብ?"

"አትሳቅ ጌታዬ" አለ ጅቡ። "የአንተ ነፍሰ ገዳይ በአራት ገጽ አንድ ሰው ይገድላል። ይሄ ስልክ ውስጥ ገብቶ፣ ማንንም ሳይነካ፣ አንድ ቤተሰብ በአንድ ቀን መሬት ላይ አስቀምጧል።"

ጥላዬ መሳቁን ተወ። ይሄን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ ጽፎታል። ትንሽ ጨው፣ ትንሽ ቆይ፣ ትንሽ ልጅ። አንድ ሰው እንኳ ፈርቶት አያውቅም። ታዲያ መቼ ነው የሚናከሰው? ከየትኛው ቃል ጎን ሲቀመጥ? ማን ሲናገረው? በምን ድምፅ? ይሄን ያወቅኩ ለት አባዬ አለቀለት አለ በልቡ።

"ለአንድ ታሪክ ብቻ አውሱኝ" አለ። "ዋስ እጠራለሁ። ሰኞ እመልሰዋለሁ።"

"ቁልፉ ቁልፍ ያዡ ጋ ነው" አለው ጅቡ።

ቁልፍ ያዡ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢ ተከናንበዋል። ጆሯቸው ላይ የስልክ ማዳመጫ ደፍተዋል። መጽሔቷን ገልብጠው ይዘው ያነባሉ። አቶ ወንድምነህ ነበሩ።

"አባዬ!"

"መጣህ?" አሉት ቀና ሳይሉ። "እያነበብኩህ ነው። ይሄ ጅብህ ጥሩ ነው። አሳዘነኝ።"

"ፈራህ?"

"አልፈራሁም።"

"እሺ፣ ያንን በር ክፈትልኝ። አንድ ቃል ልውሰድ።"

"ምን ልታደርግበት?"

"አንተን ላስፈራበት።"

አቶ ወንድምነህ ሳቁ። ጥላዬ ይሄን ሳቅ ይወደዋል። ልጅ ሆኖ ከሥራ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀው የነበረ ሳቅ ነው። በሕልሙ እንኳን አንጀቱን በላው። ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውልቀው እሱ ጆሮ ላይ ደፉለትና፣ "እስቲ አንተ መስመሩን ያዝልኝ" አሉት።

ቁልፉን ይዘው ቀስ እያሉ ወደ ሦስተኛው ክፍል ሄዱ። አሥራ ሁለቱ ጅቦች ኮፍያቸውን አውልቀው መንገድ ለቀቁላቸው። በሩን ከፈቱ። ቃሉን ይዘውልኝ ይወጣሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ ጫማቸውን በሩ ላይ አውልቀው ገቡና ከውስጥ ቆለፉት።

"አባዬ? ቃሉን ነው እኮ ያልኩህ!"

ጥላዬ በሩን አንኳኳ።

"አባዬ፣ ፈራህ እንዴ?"

በማዳመጫው ውስጥ፣ ከሩቅ፣ እንደሚቆራረጥ መስመር ሆኖ ድምፃቸው መጣ።

"ትንሽ" አሉት።

ጥላዬ በደስታ ዘለለ። አሥራ አንድ ዓመት! "ፈራ! አባዬ ፈራ!" እያለ ጅቦቹን አንድ በአንድ አቀፋቸው። ለአቶ ድንገት ሊያበስር ወደ አደባባዩ ሊሮጥ አለ። ጅቦቹ ግን አብረውት አልዘለሉም። ሁሉም በሩ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ጫማዎች ያያሉ። ምን ሆናችሁ ሊላቸው ሲል ማዳመጫው ጆሮው ላይ ጮኸ።

ስልኩ ነበር። ደረቱ ላይ ይጮሃል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፤ ከሶፋው ፊት ለፊት የምሳው ሳህን እንኳን አልተነሳም። የደወለችው ዘውድነሽ ናት። ጥላዬ ሕልሙ ፊቱ ላይ እንዳለ፣ እየሳቀ አነሳው።

"ዘውዴ! አባዬን በሕልሜ አስፈራሁት እኮ! ታሪኩን አነበብሽለት?"

"ተኝተህ ነበር?" አለችው።

ድምጿ ረጋ ያለ ነው። ዘውድነሽ ደግሞ ስልክ ላይ የምትጮህ ሴት ናት፤ ስልክ ባትይዝም አዳማ ይሰማታል ብለው ጎረቤቶቿ ይቀልዱባታል።

"አዎ፤ ምነው?"

"ምንም። አባዬን ትንሽ አሞት ነው።"

ጥላዬ ተነስቶ ተቀመጠ።

"አትደንግጥ" አለችው። "ነገ ና ብቻ። ብቻህን እንዳትመጣ ታዲያ፤ አንድ ጓደኛህን ይዘህ ና።"

"ስጪኝ ላናግረው።"

"ተኝቷል።"

ከድምጿ ኋላ የብረት ወንበር ሲዘረጋ ተሰማ። ከዚያ ሌላ ተዘረጋ። ከዚያም ሌላ። የእድር ወንበር ሲዘረጋ የሚያሰማውን ድምፅ የማያውቅ ሰው በዚህ አገር የለም።

"ዘውዴ" አላት። "ምንድን ነው የሚዘረጋው?"

"ምንም አይደለም" አለች፣ ቀስ ብላ። "ትንሽ ሰው መጥቶ ነው።"